ከገበቴ እስከ ሚኒ እስካቫተር፦ ቤኒሻንጉልን ማን በምን ቆፈረው?



በዚህ ሰሞን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገምብኛል። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው። «ቲቸር፣ አራት ሆነን ብር እያዋጣን ነው፤ ሚኒ እስካቫተር ልንገዛ አስበናል፤ የትኛው ይሻለናል?» ይላሉ። የታሪክ አስተማሪ ስለ እስካቫተር ምን ያውቃል ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቃችሁን ስትጨርሱ ግን አስቡት፤ የዚህ ምድር የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ እኮ ባብዛኛው «ማን ይቆፍረው? በምን ይቆፈር?» የሚል ታሪክ ነው።

ስለዚህ መልሴን ከታሪክ እጀምራለሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንብቡት።

መጀመሪያ ገበቴ ነበረ

ኩርሙክ፣ መንጌ፣ ሸርቆሌ፣ ኮሞሻ፣ ኦዳ ቢልድግሉ... እነዚህን ስሞች ያነሳ ሰው ወርቅን ሳያነሳ አያልፍም። የበርታ ገበሬ ክረምት ማሽላውን ያርሳል፤ በጋ ሲገባ ወርቅ ይፈልጋል። በአብዛኛው ወንዱ ጉድጓዱን ይቆፍራል፤ ሴቷ አፈሩን ወደ ውኃ ታወርዳለች፤ በገበቴ እያሽከረከረች ታጥበዋለች። ይህ አሠራር ኋላ ቀር ተብሎ ብዙ ጊዜ ተንቋል። እስቲ ከወርቁ ጠባይ አንፃር እንየው።

የእኛ አካባቢ ወርቅ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው በዓለት ውስጥ፣ በተለይ በነጩ የኳርትዝ ድንጋይ ጅማት ውስጥ የተበተነው ነው። ሁለተኛው ያ ዓለት በሺህና በሚሊዮን ዓመታት ዝናብና ፀሐይ ሲፈርስ ጎርፍ ወደ ወንዝ ያወረደው ነው። ወርቅ ከባድ ነው፤ ከውኃ 19 እጥፍ ይከብዳል። ተራ ድንጋይ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ጎርፉ አሸዋውን ይዞ ሲሄድ ወርቁ ከጠጠሩ ሥር፣ ዓለቱ ላይ ይቀመጣል። የሚቀመጠውም በስሱ ነው፤ እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምንም።

እንዲህ የተበተነን ነገር ለመሰብሰብ የተበተነ ሰው ያስፈልጋል። በየወንዙ ዳር የሚውል፣ ቦታውን ከአባቱ ከአያቱ የሚያውቅ፣ ካላገኘ ዕቃውን ተሸክሞ ነገ ሌላ ቦታ የሚሄድ። ገበቴ ነዳጅ አይጠጣም፤ ባዶ ቀን ቢውልም ዕዳ አያመጣም። ይህን ሒሳብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ቀጥሎ ጦር መጣ

የግብፁ ገዥ መሐመድ አሊ ሱዳንን የወረረው ሁለት ነገር ፈልጎ ነው፦ ለጦሩ የሚሆን ባሪያና ወርቅ። ልጁ እስማኤል ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1822 መጀመሪያ በጥቁር ዓባይ ሽቅብ ፋዙግሊ ደረሰ። ከጦሩ ጋር ፍሬደሪክ ካዮ የሚባል ፈረንሳዊ ተጓዥ አብሮ ነበረ፤ ያየውን ጻፈ፣ ካርታም አነሳ። ጦሩ እስከ እኛ አካባቢ ተራሮች ጫፍ ድረስ ወርቅ ፈለገ። የተመኙት የወርቅ ተራራ ግን አልተገኘም። እስማኤልም በዚያው ዓመት ሸንዲ ላይ ካረፈበት ቤት ጋር በእሳት ተቃጥሎ ሞተ።

አባትየው ግን ተስፋ አልቆረጠም። ዮሴፍ ሩሴገር የሚባል ኦስትሪያዊ የማዕድን ሊቅ ቀጥሮ ላከ፤ ሩሴገር እ.ኤ.አ. በ1838 እስከ ቤኒሻንጉል መጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ራሱ መሐመድ አሊ፣ ዕድሜው ሰባ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ከካይሮ ተነስቶ ፋዙግሊ ድረስ ተጓዘ። አስቡት፤ የግብፅ ጌታ፣ መርከብም መድፍም ፋብሪካም ያለው ሰው፣ በዚያ ዕድሜው የወርቁን ነገር በዓይኑ ሊያይ ይህን ሁሉ መንገድ መጣ። ያገኘው ወርቅ ግን የወጪውን ያህል እንኳ አልሆነለትም።

ለምን? ወርቅ ስለሌለ አይደለም፤ አለ። ወርቁ ግን ለጦር ሠራዊት ሒሳብ አይመችም። ጦር በሺዎች ይበላል፤ ወርቁ በቅንጣት ይወጣል። የበርታዋን ሴት የሚያኖራት ወንዝ ፓሻውን አላኖረውም።

ከዚያ ግብር መጣ

በ1890 ዓ.ም. በራስ መኮንን የተመራው የአፄ ምኒልክ ጦር ወደ ቤኒሻንጉል ዘመተ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው የድንበር ውል አካባቢው በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ጸና። ከአካባቢው ገዥዎች ጎልተው የወጡት የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ናቸው። አዲስ አበባ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ «ሸጎሌ» እያላችሁ በየቀኑ የምትጠሩት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ቤተ መንግሥታቸውም እዚያው ነበር።

በዚያ ዘመን ግብር የሚከፈለው በወቄት ወርቅ ነበር። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ መሣሪያው አልተለወጠም። የተለወጠው ወርቁን የሚቀበለው እጅ ነው። ቆፋሪው ያው ገበሬ፣ አጣቢዋ ያችው ሴት። በዚያ ዘመን ከወርቁ ጎን ሰውም ተሽጧል፤ ይህን የታሪካችንን ክፍል ዘለን ማለፍ አይገባንም። «ባህላዊ ወርቅ ቆፋሪ» የምንለው ሰው ታሪክ በውድም በግድም የሆነ ታሪክ ነው።

ትልቁ ማሽን ፓዊ ሲደርስ

አሁን ከወርቅ ትንሽ እንራቅና ስለ ማሽን እናውራ። ዛሬ በክልላችን መተከል ዞን ያለችው ፓዊ ትልቅ ትምህርት ቤት ናት።

ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ሕዝብ አንስቶ በበለስ ሸለቆ አሰፈረ። ቁጥሩ ወደ 80 ሺህ ይጠጋል። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ የጉሙዝ ሕዝብ መሬትና ደን ነበር። በ1978 ዓ.ም. በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ሥራውን የያዘው ሳሊኒ ነበር። ደኑ በዶዘር ተመነጠረ፤ እርሻው በትራክተር ታረሰ። መንገድ፣ ሆስፒታል፣ ጋራዥ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሁሉ ተሠራ።

ከዚያ የጣሊያን ገንዘብ ቆመ፤ በ1983 ደግሞ መንግሥት ተለወጠ። ትራክተሩን ማን ነዳጅ ይሙላው? መለዋወጫውን ማን ያምጣ? መካኒኩን ማን ይክፈል? በማሽን ይታረስ የነበረው መሬት በማሽን መታረሱ ቀረ። በሬ ጠምዶ ለማረስ ደግሞ በዚያ ቆላ የገንዲ በሽታ አለ፤ ከብቱን ይጨርሰዋል። ብዙው ሰፋሪ ወደ መቆፈሪያው ተመለሰ፤ ብዙም ሰው ጥሎ ሄደ።

ማሽኖቹ መጥፎ ስለነበሩ አይደለም። ከማሽኑ ጋር የመጣው ሁሉ፣ ገንዘቡ፣ ጋራዡ፣ ባለሙያው፣ ከማሽኑ ቀድሞ ስለሄደ ነው። ማሽን ብቻውን አይገዛም። ማሽን ስትገዙ ጋራዡንም አብራችሁ ትገዛላችሁ፤ ወይም ሳትገዙት ትቀሩና ማሽኑ በቆመ ቀን ትከፍሉበታላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ያው ሳሊኒ ከዓመታት በኋላ ስሙን ቀይሮ የሕዳሴውን ግድብ ጉባ ላይ ሠርቷል። መጋቢት 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 2017 ተመረቀ። እዚያ ትልቁ ማሽን ለምን ሰመረለት? ሥራው የማሽኑን ያህል ትልቅ ስለነበረ፣ ጋራዡም ነዳጁም ባለሙያውም ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ስለነበሩ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሚኒ እስካቫተር የተወለደው ለምንድን ነው?

ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ትልቁ እስካቫተር የተወለደው ለባቡር መንገድና ለማዕድን ነው፤ በእንፋሎት የሚሠራውን የመጀመሪያውን ቆፋሪ ዊልያም ኦቲስ አሜሪካ ውስጥ በ1830ዎቹ ሠራ። ትንሹ ግን የጃፓን ልጅ ነው። ያንማር እ.ኤ.አ. በ1968፣ ታኬውቺ ደግሞ በ1971 ትንንሽ ቆፋሪዎችን አወጡ። ጃፓን መንገዱ ጠባብ፣ ግቢው ጠባብ ነው። ቤት ሠሪው የቤት መሠረት በአካፋና በዶማ ማስቆፈር ሰለቸው፤ ትልቁ ማሽን ደግሞ በበሩ አይገባለትም። መልሱ ሚኒ እስካቫተር ሆነ።

ማለትም ይህ ማሽን የተሠራው ለመሠረት፣ ለውኃ መስመር፣ ለፍሳሽ ቦይ፣ ለሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ለወርቅ አልተሠራም። ወርቅ አይቆፍርም ማለቴ አይደለም፤ አፈር ለማሽን አፈር ነው። የተወለደበትን ሥራ ማወቅ ግን ሲገዙ ይጠቅማል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ

«የትኛውን እንግዛ?» ከማለታችሁ በፊት «ለምን?» በሉ። አብዛኞቻችሁ በልባችሁ ያለው ወርቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የወርቅ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እያየን ነው። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር።

አንደኛ፣ ሕጉ። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባህላዊ ማዕድን ማምረት ማለት ማሽን የሌለበት፣ በአብዛኛው በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው። በባህላዊ ፈቃድ ማኅበር ተደራጅታችሁ እስካቫተር ያስገባችሁ ቀን ከፈቃዱ ወጣችሁ ማለት ነው። ለማሽን የሚሆነው የአነስተኛ ደረጃ ፈቃድ ሌላ ነው፤ ጥያቄው፣ ጥናቱ፣ ግዴታው ሌላ ነው። ፈቃዱ በእጃችሁ ሳይኖር ማሽን መግዛት የአራት ቤተሰብ ጥሪት በአንድ ፍተሻ ሊያዝ የሚችልበት ቦታ ላይ ማቆም ነው። በሌላ ሰው ፈቃድ ሥር «ገብታችሁ ሥሩ» ለሚላችሁም ወረቀቱን አሳየኝ በሉት፤ የማን ስም፣ የትኛው ቦታ፣ ምን ዓይነት ፈቃድ።

ሁለተኛ፣ ጉሮሮው። ወርቅ ሥራ ላይ የሚያስቸግረው መቆፈሩ ይመስላችኋል? አይደለም፤ ማጠቡ ነው። አንዲት ብርቱ ሴት በገበቴ ቀኑን ሙሉ አጥባ አንድ ሜትር ኩብ ከጨረሰች ጎበዝ ናት። ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒ እስካቫተር ለስላሳ አፈር ላይ በአንድ ሰዓት አሥር ሜትር ኩብ ያህል ያወጣል። የአንድ ሰዓት ሥራውን አሥር ሰው ቀኑን ሙሉ ያጥባል ማለት ነው! ስለዚህ ማሽን ብቻውን አይበቃም፤ የማጠቢያ ሳንዱቅ፣ ፓምፕ፣ ነዳጅ፣ ከሁሉም በላይ ውኃ ያስፈልጋል። በጋ ላይ ደግሞ ውኃው የት አለ? ያለችው ኩሬ የመንደሩ መጠጥ ናት።

ሦስተኛ፣ መጠኑ። ኩርሙክ ላይ አላይድ ጎልድ የያዘውን ፕሮጀክት እዩ፤ በነገራችን ላይ ከእሱ በፊት ፍለጋውን ሲያካሂድ የነበረው አስኮም የሚባል የግብፅ ኩባንያ ነበር፤ ታሪክ አንዳንዴ ይቀልዳል። የዚያ ዓለት ይዘት በአማካይ በአንድ ቶን ድንጋይ ከ1 ግራም ተኩል በታች ነው። ያንን አትራፊ የሚያደርገው በሚሊዮን ቶን መፍጨት ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለት ጫፍ አለ። በአንዱ ጫፍ ነዳጅ የማትጠጣው ገበቴ፣ በሌላው ሚሊዮን ቶን የሚፈጨው ፋብሪካ። ሁለቱም ሒሳባቸው ይዘጋል። በአንድ ሚኒ እስካቫተር፣ በብድር፣ ያለ ጥናት መሀል ላይ የቆመው ሰው ነው የፓሻው ዕጣ የሚደርሰው፦ ወጪው በየቀኑ ይመጣል፣ ወርቁ ሲፈልግ ይመጣል።

ታዲያ አትግዙ ነው የምለው?

በፍጹም። አሶሳ ከተማ እኮ እየሰፋች ነው። ውኃ መስመር ይዘረጋል፣ ቤት ይሠራል፣ ትምህርት ቤቶች ሽንት ቤት ያስቆፍራሉ፣ የጎርፍ ቦይ ያስፈልጋል። አንድ ቀላል ሒሳብ ላሳያችሁ። 100 ሜትር የሚረዝም፣ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ 1 ሜትር የሚጠልቅ የቧንቧ ቦይ 60 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሠራተኛ በቀን ሁለት ሜትር ኩብ ቢቆፍር 30 የሰው ቀን ይፈጃል። ትንሽ ማሽን በሰዓት ስድስት ሜትር ኩብ ቢያወጣ በ10 ሰዓት ይጨርሰዋል። ይህ ሥራ ወረቀት ላይ ይታያል፤ ስንት ሜትር እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ዋጋ ተስማምታችሁ ትጀምራላችሁ። ወርቅ እንዲህ ዓይነት ውል አይፈርምም።

መጠኑን ስትመርጡ ይህን ያዙ፦

• እስከ 1 ቶን ያለው፣ «ማይክሮ» የሚሉት፣ በጠባብ በር ይገባል፤ ጥልቀቱ ግን ከ1 ሜትር ከ70 ብዙም አያልፍም። ለአትክልት ቦታና ለግቢ ውስጥ ቧንቧ ጥሩ ነው። ደረቅ ቀይ አፈርና ድንጋይ ላይ ግን ራሱ ይነሳል እንጂ መሬቱ አይነሳም፤ ክብደት የለውማ።

• ከ1.5 እስከ 2 ቶን ያለው 2 ሜትር ከ20 አካባቢ ይወርዳል። ለቧንቧና ለመሠረት ይሆናል።

• ከ3 እስከ 3.5 ቶን ያለው 3 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ለእኛ ከተማ ሥራ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድንም ጨምሮ፣ እኔ ብሆን እዚህ ላይ ነው የማተኩረው። በአይሱዙ ተጭኖ ከሥራ ሥራ ይዞራል። ከዚያ በላይ ሲከብድ ሎቤድ ፍለጋ ትገባላችሁ፤ የሎቤዱ ኪራይ ትርፉን ይበላዋል።

ከመጠኑ ቀጥሎ ሞተሩ። በቤንዚን የሚሠሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ርካሽ ማሽኖች ገበያ ላይ አሉ፤ ለቀን ተቀን ኪራይ ሥራ አይሆኑም። የታወቀ የናፍጣ ሞተር፣ እንደ ኩቦታና ያንማር ያለ፣ የተገጠመበትን ፈልጉ። ብዙ የቻይና ማሽኖችም ይህንኑ ሞተር ገጥመው ይመጣሉ፤ ሥዕሉን ሳይሆን የሞተሩን ሳህን አንብቡ። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያጣል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ልክክ ያለው ማሽን እዚህ ያንሳችኋል። ወደ ኩርሙክ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ አለ፤ ራዲያተሩን አደራ።

የጎማ ሰንሰለት ለከተማ አስፋልትና ኮብልስቶን ጥሩ ነው። ስለታም ኳርትዝ ባለበት ግን ይቀደዳል፤ የብረት ሰንሰለት ይሻላል። ያገለገለ ከሆነ የሰዓት ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ፤ ቆጣሪ ይዋሻል፣ ፒንና ቡሽ አይዋሹም። ክንዱን አስዘርግታችሁ ባልዲውን ግራ ቀኝ ነቅንቁት። ላዩን አዙራችሁ ልቅ መሆን አለመሆኑን እዩ። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ አስነሱት፤ ከዚያ አንድ ሰዓት አሠርታችሁ የሃይድሮሊኩን ጉልበት ከመጀመሪያው ጋር አወዳድሩ። ሲሞቅ የሚደክም ከሆነ ፓምፑ አልቋል።

ከዚያ የፓዊ ጥያቄ ይመጣል፦ ቱቦው ቢፈነዳ አሶሳ ላይ የሚሠራልኝ ማነው? ፊልትሮው ከየት ይመጣል? አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ምን እንደሚሆን ላለፉት ዓመታት አይተናል። ስለዚህ ከማሽኑ ጋር የስድስት ወር ፊልትሮ፣ ትርፍ የሃይድሮሊክ ቱቦዎች፣ የባልዲ ጥርሶች ግዙ። ብሩ ለሁለቱም ካልበቃ ማሽኑን ቀንሱ እንጂ መለዋወጫውን አትቀንሱ። ከአራታችሁ አንዱ ደግሞ ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር ይሁን፤ ሌላኛው ቅባት መቀባት ይማር።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሚኒ እስካቫተር ከፊት ለፊቱ ምላጭ አለው። ብዙ ሰው ባልዲውን ብቻ ነው የሚያየው። ምላጩ ግን የተቆፈረውን ለመመለስ ነው። በየወርቅ ቦታው ተቆፍሮ የተተወው ጉድጓድ ክረምት ሲመጣ ውኃ ይሞላል፤ ከብት ይገባበታል፣ ሕፃን ይገባበታል፣ የወባ ትንኝ ይራባበታል። በድጅኖ የተቆፈረ ጉድጓድ እንኳ እንዲህ ከጎዳን፣ በማሽን የሚቆፈረውን አስቡት። ፓሻው፣ ግብር ሰብሳቢው፣ ፕሮጀክቱ፣ ሁሉም ወሰዱና ሄዱ። እናንተ ግን የዚህ አገር ልጆች ናችሁ፤ የምትቆፍሩበት መንደር ነገም የእናንተው ነው። ስለዚህ ለየትኛውም ሥራ ዋጋ ስትሰጡ መልሶ መሙላቱን ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

እዚህ አካባቢ በትንሽ ማሽን እየሠራችሁ ያላችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ከታች ጻፉ፤ የነዳጅ ፍጆታውን፣ መለዋወጫ የምታገኙበትን፣ የተቸገራችሁበትን። እነዚህ ልጆች ከእኔ ታሪክ ይልቅ የእናንተ ሒሳብ ይጠቅማቸዋል። ብር እያዋጣ ያለ ዘመድ ያላችሁም አጋሩለት።

ሰላም ሁኑልኝ።